ሁለት ቪዛ በፓስፖርት፣ አንድ ስታተስ በአገር

አሜሪካ ውስጥ ኤች-1ቢ በተባለው የባለሙያ ሥራ ቪዛ የሚሠራን ሰው ሌላ ድርጅት ልዩ ችሎታ ላላቸው በሚሰጠው ኦ-1 ሊቀጥረው ይፈልጋል። ባልና ሚስት ሁለቱም የየራሳቸው የሥራ ቪዛ አላቸው፤ በዚያ ላይ ሚስት በባሏ በኩል የጥገኛ ቪዛ ተመትቶላታል። አንድ የማራቶን ሯጭ ደግሞ የጎብኚም የስፖርተኛም ቪዛ በአንድ ፓስፖርት ይዟል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለት ዓይነት ቪዛ በአንድ ጊዜ መያዝ ያስጠይቃል ወይ?

አያስጠይቅም። የአሜሪካ ሕግ የተለያየ ዓይነት ያላቸው ሁለትም ሦስትም ቪዛዎች መያዝን አይከለክልም። የሚከለክለው በሁለት ስታተስ (አገር ውስጥ በሚቆዩበት ሕጋዊ መደብ) መኖርን ነው። ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውን ሳይሰማ «ሁለቱም ስላሉኝ በፈለግኩት እሠራለሁ» ብሎ ሲነሳ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ዛሬ ማንም ባያየው እንኳ ከዓመታት በኋላ የግሪን ካርድ ማመልከቻ ሲመረመር ተቆፍሮ ይወጣል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቪዛና ስታተስ ምን ይለያቸዋል?

ቪዛ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። የሚሰጠውም በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው፤ ለአዲስ አበባ አመልካች እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው ኤምባሲ ማለት ነው። የቪዛው ሥራ ተሳፍሮ ድንበር ድረስ መድረስና «አስገቡኝ» ብሎ መጠየቅ ማስቻል ነው። ከዚያ አያልፍም።

ስታተስ የሚጀምረው ድንበር ላይ ነው። የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መኮንኑ መንገደኛውን በየትኛው መደብ እንዳስገባውና እስከ መቼ መቆየት እንደሚችል ይመዘግባል። ይህ መዝገብ አይ-94 ይባላል፤ በአውሮፕላን ለሚገቡ ሰዎች በወረቀት አይሰጥም፣ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይታተማል እንጂ። ከገቡ በኋላ ስታተስን የሚያራዝመውና የሚቀይረው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፦ በምህጻሩ ዩኤስሲአይኤስ የሚባለው የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት። ሦስት መሥሪያ ቤቶች፣ ሦስት የተለያየ ሥልጣን። ግራ መጋባቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሰርግን ያስቡ። ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ሰው ከሁለቱም ወገን መጥሪያ ካርድ ይደርሰዋል። ሁለቱን ካርድ ኪሱ ከቶ ቢሄድ ነውር የለበትም። በር ላይ ግን አንዱን ያሳያል፤ አስተናጋጁም በዚያው ወገን ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ካርድ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሆኖም በሙሽሪት ወገን ተቀምጦ ለሙሽራው ወገን የተዘጋጀውን ማዕድ ላንሳ ቢል አይሆንም። ቦታ ለመቀየር ወይ አስተናጋጁን ማስፈቀድ፣ ወይ ወጥቶ በሌላው ካርድ እንደገና መግባት አለበት። ካርዱ ቪዛው ነው፤ ወንበሩ ስታተሱ።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ሰው አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ካርዱ ቢጠፋበት ከወንበሩ አይነሳም። ቪዛም እንደዚያው ነው፤ አገር ውስጥ እያሉ «ቪዛዬ ተቃጠለ» ማለት መቆየት አይቻልም ማለት አይደለም። የሚቆጠረው አይ-94 ላይ ያለው ቀን ነው። ይህ በተለይ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤቶች ትልቅ ነገር ሆኗል፤ ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግሉ ናቸውና። ቪዛው ሦስት ወር ቢሆንም ሥራ ላይ የተመሠረተው ስታተስ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። በዚያው ልክ ሁለት ቪዛ ይዞ መኖር ለኢትዮጵያውያን እየጠበበ መጥቷል፤ የአንድ ጊዜ ቪዛ ከገቡበት በኋላ ያለቀ ነው፣ ሁለተኛውም ሳይጠቀሙበት በሦስት ወሩ ይቃጠላል። ከዚያ ቀን በፊት የተመቱና ቀናቸው ያላለፈ ቪዛዎች፣ እንዲሁም የሌላ አገር ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቪዛዎች በየራሳቸው ቀን ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ቪዛ እንዴት ይገኛል?

እንደ አዲስ በማመልከት ነው። አንዱ ቪዛ ለሌላው መንገድ አይጠርግም። ለኤች፣ ለኤል፣ ለኦ እና ለፒ መደቦች መጀመሪያ አሠሪው ወይም ወኪሉ አይ-129 የተባለውን ፔቲሽን፣ ማለትም ሰውየውን ለመቅጠር የሚቀርበውን ጥያቄ፣ ለዩኤስሲአይኤስ ያስገባል። ፔቲሽኑ ሲፀድቅ አመልካቹ ለዚያ መደብ ለብቻው ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ፣ ለብቻው ከፍሎ፣ ለብቻው ይቀርባል። በፔቲሽን ለሚጠየቁት መደቦች የማመልከቻ ክፍያው 205 ዶላር፣ ለጎብኚና ለተማሪ 185 ዶላር ነው። ሁለት መደብ በአንድ ክፍያ አይጠየቅም።

ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሁለት ቪዛዎች ግን አይቻሉም፤ አዲሱ ሲመታ የቀድሞው ይሰረዛል። ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነ እንደ ደንቡ ሁለቱም ጸንተው ይቆያሉ። ሆኖም የቆንስላው መኮንን የቀድሞው ቪዛ ምክንያት አብቅቷል ብሎ ካመነ ሊሰርዘው ይችላል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ኤች-1ቢ የሚያስመታ ሰው የተማሪ ቪዛው ላይ የስረዛ ማህተም ቢያገኝ ሊደነግጥ አይገባም። «ያለ ጥፋት የተሰረዘ» የሚለው ማህተም ቅጣትም እምቢታም አይደለም። ግን በኋላ ዲኤስ-160 «ቪዛዎ ተሰርዞ ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «አዎ» ነው፤ ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። «የለም» ማለት ግን ትንሹን ነገር ወደ ሐሰተኛ መረጃ ይቀይረዋል፤ ሆን ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

ቀኑ ያላለፈ ቪዛ ያረጀ ፓስፖርት ውስጥ ከሆነ ሁለቱን ፓስፖርት አብሮ መያዝ ነው እንጂ ቪዛውን ልጦ አዲሱ ላይ መለጠፍ አይደለም። የተላጠ ቪዛ የተበላሸ ቪዛ ነው።

አንዱ ቪዛ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል?

ወረቀቱ ወረቀቱን አያበላሽም። ሊጋጭ የሚችለው ከጀርባው ያለው ሐሳብ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214ቢ የጊዜያዊ ቪዛ አመልካችን ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በጎብኚና በተማሪ ቪዛ እምቢ የተባለ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ኤች-1ቢ እና ከውጭ ቅርንጫፍ ወደ አሜሪካ ለሚዛወር የድርጅት ሠራተኛ የሚሰጠው ኤል-1 ግን ከዚህ ግምት ነጻ ናቸው፤ በእነርሱ እየሠሩ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን አንድ ሰው ኤች-1ቢ እና የቆየ የጎብኚ ቪዛ አለው እንበል፤ አሠሪው የግሪን ካርድ ሂደት ጀምሮለታል። ሁለቱም ቪዛ ሕጋዊ ነው። በጎብኚ ቪዛው ልግባ ቢል ግን ድንበር ላይ «ልጎበኝ መጣሁ፣ እመለሳለሁ» ማለት አለበት፤ መዝገቡ ደግሞ ለመቅረት ማመልከቱን ያሳያል። ቪዛው የሚሰረዘው ሁለት ስለያዘ አይደለም፤ የተናገረውና መዝገቡ ስላልተገናኙ ነው። በሥራ ቪዛ መግባት የሚችል ሰው በጎብኚ ቪዛ የሚገባበት በቂ ምክንያት እምብዛም አይገኝም።

በተግባር የትኞቹ አብረው ይገኛሉ?

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው የሯጮች ጉዳይ ነው። አንድ አትሌት ከሽልማት ገንዘብ በቀር ሌላ ክፍያ ካልተቀበለ በንግድ ጎብኚ መደብ፣ በቢ-1፣ ገብቶ መወዳደር ይችላል። ደመወዝ ወይም ለመገኘት ብቻ የሚሰጥ ክፍያ ካለ ግን የስፖርተኛው መደብ ፒ-1 ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ፓስፖርት ሁለቱን መያዝ ለሯጭ የተለመደ ነው፤ ስህተቱ የሚፈጠረው ውሉን ሳያነብ በቢ-1 ገብቶ የመገኘት ክፍያ ሲቀበል ነው። ማናጀሩ ከጉዞው በፊት ማየት ያለበት ቪዛው እንዳለ ብቻ ሳይሆን ውሉ ውስጥ ምን ክፍያ እንደተጻፈ ጭምር ነው።

የድምፃውያን ነገር ይበልጥ ይጠነክራል። ለባህል ሙዚቀኛ የሚሆነው ፒ-3 ነው። ፒ-3 እና የጎብኚ ቪዛ ያለው ዘፋኝ ዘመድ ሊጠይቅ በጎብኚነት ቢገባና ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ በክፍያ ቢዘፍን፣ ፒ-3ቱ ፓስፖርቱ ላይ መኖሩ ምንም አያድነውም። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማትም ገቢ ነው።

ነጋዴዎች ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አላቸው። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ ላይ የዋለ ስምምነት ስላላቸው የኢትዮጵያ ዜጎች ለነጋዴ የሚሰጠውን ኢ-1 እና ለባለሀብት የሚሰጠውን ኢ-2 መጠየቅ ይችላሉ። ኢ-2 የያዘ ሰው ቦታ ለማየት ወይም ውል ለመደራደር ይዞት የነበረውን የጎብኚ ቪዛ መጣል የለበትም። ኢ-2 ግን የሚያሠራው ገንዘቡን ባፈሰሰበት ድርጅት ብቻ ነው። በተቃራኒው በኤች-1ቢ ያለ ሰው የድርጅት ባለቤት መሆን ይፈቀድለታል፤ ገብቶ ካሸሩ ላይ መቆም፣ ደንበኛ ማስተናገድ ግን ሥራ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ቢሆንም ያው ነው።

ድንበር ላይ የቱን ቪዛ ልስጥ?

መኮንኑ ተጓዡ ባቀረበውና ምክንያቱን በተናገረበት መደብ ያስገባዋል። ሁለት ቪዛ ያለው ሰው ዝም ብሎ ፓስፖርቱን ከሰጠ መኮንኑ መጀመሪያ ባየው ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ ገጹን ገልጦ፣ የፔቲሽኑን ማጽደቂያ አይ-797 ከላይ አድርጎ፣ «በኤች-1ቢ ነው የምገባው፣ የምሠራው እዚህ ድርጅት ነው» ማለት ያስፈልጋል። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

የባልና ሚስቱን ጉዳይ እንመልከት። ሚስት ከአሠሪዋ ኤች-1ቢ፣ ከባሏ ኤች-1ቢ ደግሞ የጥገኛውን ኤች-4 አግኝታለች። ቤተሰቡ አብሮ ተሰልፎ መኮንኑ ሁሉንም በባልየው ፋይል ካስገባ እሷ ኤች-4 ሆነች ማለት ነው። ሰኞ ሥራ ብትገባ ያለ ፈቃድ ሠራች። የኤች-1ቢ ፔቲሽኗ በሕይወት መኖሩ፣ ቪዛውም ፓስፖርቷ ላይ መኖሩ አያድናትም። የሚያወጣት ወይ የአይ-94 እርማት፣ ወይ በዩኤስሲአይኤስ በኩል የስታተስ ለውጥ፣ ወይ ወጥቶ በኤች-1ቢ መመለስ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ቪዛው የአንድ ጊዜ ከሆነ እንደገና ኤምባሲ ማለት ነው።

ባልየው በኤል-1 ቢሆን ምርጫው ይለወጣል። የኤል-1 የትዳር ጓደኛ ከስታተሷ ጋር የሥራ መብት ይመጣላታል፤ አይ-94ቷ «ኤል-2ኤስ» የሚል ከሆነ ለማንኛውም አሠሪ፣ የተለየ ካርድ ሳትጠብቅ ትሠራለች። «ኤል-2» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን አሠሪው አይቀበለውም፤ መታረም አለበት። ታዲያ ኤል-2ኤስ ሁሉን የሚያሠራ ከሆነ ኤች-1ቢ ለምን ይፈለጋል? ኤል-2ኤስ በባልየው ሥራና በትዳሩ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው። እሱ ሥራ ቢያጣ ወይም ቢፋቱ የእሷም አብሮ ይወድቃል። ኤች-1ቢ የራሷ ነው። በሌላ በኩል በኤል-2 የቆየችበት ጊዜ ከኤች-1ቢዋ የስድስት ዓመት ጣሪያ አይቆረጥም። የባልየው ሥራ አስተማማኝ እስከሆነ ድረስ በኤል-2ኤስ መግባትና የኤች-1ቢዋን ዓመታት ማቆየት የሚመርጡ አሉ፤ ስጋት ካለ ግን የራስን መያዝ ይሻላል።

ማንም ይሁን ማን፣ በገባ በማግስቱ አይ-94ቱን አትሞ ሦስት ነገር ይይ፦ ስሙን፣ መደቡን፣ የሚያበቃበትን ቀን። ፓስፖርቱ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ፔቲሽኑ ገና ሁለት ዓመት እየቀረው አይ-94ቱ እስከ ፓስፖርቱ ማብቂያ ብቻ ሊቆረጥበት ይችላል። የመኮንኑ ስህተት ከሆነ የድንበር ጥበቃው የእርማት ቢሮዎች ያስተካክሉታል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት የዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) ኤርፖርትም አንድ አለው። ስህተት ካልሆነና በፓስፖርቱ ምክንያት የተቆረጠ ከሆነ ግን ማራዘሚያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ፔቲሽን ከፀደቀ የትኛው ነው የሚሠራው?

የመጨረሻው እርምጃ። የድንበር መኮንን ያስገባበት ወይም ዩኤስሲአይኤስ የቀየረው፣ ከሁለቱ ኋላ የመጣው ሰውየው ያለበትን ስታተስ ይወስናል። ደንቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሰው እንደሚጓዝ ማስታወስ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሐንዲስ በኤል-1 እየሠራ ሳለ ሌላ ድርጅት በኤች-1ቢ ቀጠረው፤ ለውጡ በጥቅምት ፀድቆ አዲስ አይ-94 ተሰጠው፣ አዲሱ ሥራ ላይ ዋለ። በጥር እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ ፓስፖርቱ ላይ ያልተቃጠለ ኤል-1 ቪዛ ስለነበረ፣ ኤምባሲ ላለመሰለፍ ብሎ በእርሱ ገባ። ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ሆነ። የመጨረሻው እርምጃ በኤል-1 መግባቱ ስለሆነ ለኤች-1ቢ አሠሪው መሥራት አይችልም። የኤል-1 አሠሪውን ደግሞ ለቆታል፤ ስለዚህ በኤል-1 የመግባት ምክንያት አልነበረውም። ቪዛ ላይ ያለው ቀን አለማለፉ ቪዛው ሕያው ነው ማለት አይደለም፤ የኤል-1 ቪዛ የሚያገለግለው ላስመጣው ድርጅት እስከተሠራ ድረስ ነው።

የኤች-1ቢ ቪዛ በዚህ ይለያል። በቀድሞ አሠሪ ስም የተመታ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ኤች-1ቢ ቪዛ ቀኑ እስኪያልፍ ከአዲሱ አሠሪ አይ-797 ጋር ይሠራል።

ማጽደቂያውም ሁለት መልክ አለው። አይ-797ኤ ከግርጌው ተቆርጦ የሚወጣ አዲስ አይ-94 አለው፤ ስታተሱ ተቀይሯል። አይ-797ቢ ይህ የለውም፤ ፔቲሽኑ ፀድቋል፣ ስታተሱ ግን እንደነበረ ነው፣ ወጥቶ ቪዛ አስመትቶ መግባት ይጠይቃል። «ፀድቆልሃል» ሲባል ደስ ብሎት የትኛው እንደሆነ ሳያይ አዲሱን ሥራ የጀመረ ሰው ያለ ፈቃድ እየሠራ ነው።

የስታተስ ለውጥ ማመልከቻ ገና መልስ ሳያገኝ ከአገር መውጣት ደግሞ የለውጥ ጥያቄውን እንደተተወ ያስቆጥረዋል። ይህ ድሮም ጉዳት ነበረው፤ ከመስከረም 2025 ወዲህ ግን ዋጋው ሌላ ሆኗል። በዚያ ወር የወጣው የፕሬዝዳንት አዋጅ፣ መጀመሪያ ለ12 ወር የተደነገገው፣ ውጭ አገር ላሉ ሠራተኞች በሚገባ አዲስ የኤች-1ቢ ፔቲሽን ላይ 100,000 ዶላር ጥሏል። አገር ውስጥ ሆኖ ከተማሪነት ወይም ከኤል-1 ወደ ኤች-1ቢ የሚቀየር ሰው በዩኤስሲአይኤስ ማብራሪያ መሠረት አይከፈልበትም፤ ለውጡ ሳይወሰን ከወጣ ግን ክፍያው ይመጣል። ከትምህርቱ ጋር በተያያዘ የሥራ ልምምድ ፈቃድ (ኦፒቲ) ላይ ያለ ተማሪ የእህቱ ሰርግ ደርሶበት ትኬት ሲቆርጥ ይህን ማወቅ አለበት።

በሁለት አሠሪ መሥራትስ?

ይቻላል፤ ግን ይህ ሁለት ስታተስ አይደለም፣ አንዱ ስታተስ ሁለት አሠሪ ሲኖረው ነው። በኤች-1ቢ የሚሠራ ሰው ሁለተኛ አሠሪ በራሱ የደመወዝ ማረጋገጫ ከሠራተኛ ሚኒስቴሩ አውጥቶ በራሱ አይ-129 ካስገባለት፣ ፔቲሽኑ በሥነ ሥርዓቱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ሊሠራለት ይችላል። የትርፍ ጊዜም ይሆናል። «ሳልጠብቅ መጀመር እችላለሁ» የሚለው መብት ግን ከኤች-1ቢ ወደ ኤች-1ቢ ብቻ ነው። በኤል-1 ወይም በኦ-1 ያለ ሰው መጽደቁን መጠበቅ አለበት።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚያሻው ነገር አለ። በየዓመቱ ኤች-1ቢ በሎተሪ የሚወጣው ለ65,000 ሰው፣ በተጨማሪም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላላቸው 20,000 ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነርሱ ጋር የተሳሰሩ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት፣ እንዲሁም ለትርፍ ያልቆሙ ወይም የመንግሥት የሆኑ የምርምር ድርጅቶች ግን ከሎተሪው ውጭ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኤች-1ቢ የሚያስተምር ሰውን የግል ኩባንያ ያለ ሎተሪ በተደራቢነት ሊቀጥረው ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲው ሥራ እስከቀጠለ ድረስ። የዩኒቨርሲቲው ውል ካበቃ የኩባንያውም መሠረቱ ይናዳል። ሰውየው ደመወዙ የሚበልጠው ኩባንያው ነው ብሎ ዩኒቨርሲቲውን ሲለቅ የሚወድቀው በዚህ ጉድጓድ ነው።

በተለያየ ቦታ በየጊዜው የሚሠራ አርቲስት ወይም ባለሙያ ካለ ሁለተኛ ቪዛ ከመፈለግ ይልቅ በወኪል በኩል የሚቀርብ ኦ-1 ይሻለዋል፤ አንድ ፔቲሽን ብዙ ሥራዎችን ሊዘረዝር ይችላል።

ዓይነቱን ስቀያይር ዓመታቱ እንደገና ይጀምራሉ?

በኤች-1ቢ እና በኤል-1 መካከል አይጀምሩም፤ ይደመራሉ። የኤች-1ቢ ጣሪያ ስድስት ዓመት፣ የሥራ አስኪያጆች ኤል-1ኤ ሰባት፣ የልዩ ዕውቀት ኤል-1ቢ አምስት ነው። አራት ዓመት በኤል-1ቢ ሠርቶ ወደ ኤች-1ቢ የተሻገረ ሰው የሚቀረው ሁለት ዓመት ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሳለፋቸው ሙሉ ቀናት ተመላሽ ስለሚሆኑ የጉዞ ማስረጃ ማስቀመጥ ይጠቅማል። አንድ ሙሉ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምርለታል። ኦ-1 ጣሪያ የለውም፤ ስድስቱን ዓመት የጨረሰ ሰው ብቃቱ ካለው ወደዚያ ይሻገራል።

ኦ-1 ግን አንድ ድክመት አለው። ግሪን ካርድ አገር ውስጥ ሆኖ ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው በኤች-1ቢ ወይም በኤል-1 ከሆነ በዚያው ቪዛ ወጥቶ መግባት ይችላል። በኦ-1፣ በተማሪው መደብ በኤፍ-1 ወይም በኢ-2 ያለ ሰው ግን አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳያወጣ ከወጣ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል።

የሥራ ፈቃድ ካርድና ቲፒኤስስ?

እነዚህ ከቪዛ መደብ ውጭ ስለሆኑ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ጊዜያዊ ከለላ፣ ማለትም ለኢትዮጵያውያን በታህሳስ 2022 የተሰጠውና መንግሥት በታህሳስ 2025 እንደሚያቋርጠው ያስታወቀው ቲፒኤስ፣ ከኤች-1ቢ ወይም ከተማሪ ስታተስ ጋር አብሮ ሊያዝ የሚችል ነው። ሁለቱን ይዞ የቆየ ሰው ቲፒኤሱ ቢያበቃ ኤች-1ቢው በራሱ አይወድቅም። ቲፒኤስ አለኝ ብሎ ኤች-1ቢውን ያስጣለ ግን የሚመለስበት የለውም።

የግሪን ካርድ ጥያቄ ተከትሎ የሚመጣው የሥራ ፈቃድ ካርድም እንዲሁ ነው። ካርዱን ኪስ ማስቀመጥ ስታተስ አይነካም። የኤች-1ቢ ሥራውን ትቶ በካርዱ ሌላ ቦታ የተቀጠረ ሰው ግን ከኤች-1ቢ ወጥቷል፤ የግሪን ካርድ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን የሚያርፍበት ስታተስ የለውም። ካርዱን ሳይጠቀሙበት ኤች-1ቢውን ማራዘም ወጪ ቢኖረውም ለሚጠራጠር ሰው የሚያዋጣ ነው።

ሥራ ቢቋረጥ ሁለተኛው ቪዛ ያድናል?

በራሱ አያድንም። በኢ፣ በኤች-1ቢ፣ በኤል-1 እና በኦ-1 ያለ ሰው ሥራው ከቆመበት ቀን ጀምሮ እስከ 60 ቀን፣ ወይም አይ-94ቱ እስኪያልቅ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚመጣው ድረስ የመቆያ ጊዜ አለው። በፒ ያሉ ስፖርተኞችና ዘፋኞች ይህ አይመለከታቸውም። በ60 ቀኑ ውስጥ መሥራት አይቻልም። መደረግ ያለበት አዲስ አሠሪ ፔቲሽን እንዲያስገባ፣ ወይም ወደ ትዳር ጓደኛ ጥገኛነት ወይም ወደ ጎብኚነት ለመቀየር ማመልከት፣ ወይም መውጣት ነው። ማመልከቻው ከ60ኛው ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ በፖስታ መላክ ሳይሆን መድረስ።

ሁለተኛው ቪዛ የሚረዳው ከጀርባው ሕያው ፔቲሽን ካለ ብቻ ነው፤ ያኔም ወጥቶ በእርሱ መግባት ያስፈልጋል። ፓስፖርት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስታተስ አይሰጥም። ከአይ-94 ቀን አልፎ የቆየ ሰው ደግሞ የገባበት ቪዛ በሕግ ወዲያውኑ ይሻራል፣ አዲሱንም በዜግነት አገሩ ነው የሚጠይቀው። ሕገወጡ ቆይታ ከ180 ቀን ካለፈ ሲወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመት ከሞላ አሥር ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል፤ ያኔ ፓስፖርቱ ላይ ስንት ዓይነት ቪዛ እንዳለ የሚጠይቅ የለም።